ደሴቱ ላይ የቀረው ብር ክፍል ሁለት ያስፈልገዋል?

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ መጽሐፎቹን በጋዜጣ ይለብዳቸዋል፤ የተገነጠሉትን በወፍራም ክር ይሰፋቸዋል። ከእሱ ከተከራየኋቸው አንዱ በቀላል እንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ» ነበር፤ እኛ «የሀብት ደሴት» እንበለው። ታሪኩ የሚያልቅበት ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። ባዶው ቦታ ላይ ከእኔ በፊት የተከራዩት ልጆች ጽፈውበታል። አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ክፍል 2 አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሥሩ ሌላ እጅ በቀይ «የለም፤ አለቀ» ብሎ መልሶለታል። ከሁለቱ በታች በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ «ደሴቱ ላይ ጥለዋቸው የሄዱት ሦስቱ ሰዎችስ?» የሚል ነበር።

ያኔ ልቤ ከመጀመሪያው ልጅ ጋር ነበር። ደሴቱ ላይ ገና ያልወጣ ብር አለ፤ ባለ አንድ እግሩ ወንበዴ ሎንግ ጆን ሲልቨር አምልጧል፤ ታሪክ እንዴት እዚህ ላይ ይቆማል? በእርሳስ የተጻፈው ጥያቄ የገባኝ ብዙ ቆይቼ፣ ሙሉውን መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ ነው።

የክፍል ሁለት ጥያቄ ዛሬ ትልቅ ንግድ ነው። አንድ የጀብዱ ልብ ወለድ ተነባቢ ከሆነ አሳታሚውም፣ ፊልም ሠሪውም፣ አንባቢውም «ቀጣዩስ?» ይላሉ። በእኛም አገር የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» የወደደ አንባቢ «ራማቶሓራ»ንና «ዣንቶዣራ»ን ተከትሎ አንብቧል። አንባቢ ተከታይ መፈለጉ ነውር የለበትም፤ የወደዱትን ሰው በር ላይ ተሰናብቶ መቅረት ከባድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የሁለት ነገሮች መምታታት ነው። አንባቢው ተከታይ ይፈልጋል ማለትና መጽሐፉ ተከታይ ያስፈልገዋል ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ገበያው ይነግረናል፤ ሁለተኛውን ሊነግረን የሚችለው መጽሐፉ ራሱ ነው።

ተረት እየሰማን ያደግን ሰዎች «ከዚያስ?» የምትለዋን ቃል እናውቃታለን። አያት «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ካሉ በኋላ ግን «ከዚያስ?» አይሠራም። ተረቱ ሁሉን ተናግሮ ስለጨረሰ አይደለም፤ ልጅቷ ንጉሡን ካገባች በኋላ እንዴት እንደኖረች ማን ነገረን? ተረቱ ያለቀው ሲጀምር የገባውን ቃል ስለፈጸመ ነው። የጀብዱ ልብ ወለድም እንዲሁ ቃል ገብቶ ይነሳል። የጠፋ ነገር አለ፣ የሚፈለግ ሰው አለ፣ የሚያስፈራ መንገድ አለ። የተፈለገው ሲገኝ መንገዱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን እኔ በሁለት እከፍለዋለሁ፦ ትራፊና ዕዳ። ትራፊ ከማዕዱ የተረፈው ነው፤ ቢነሳም ባይነሳም ጦሙን ያደረ ሰው የለም። ዕዳ ግን ደራሲው ከአንባቢው ልብ የተበደረው ነገር ነው፤ ያልተዳኘ ሞት፣ ያልተፈታ እስረኛ፣ ተጠርቶ ያልተሰማ ምስክር። ተከታይ የሚያስፈልገው ዕዳ ያለበት መጽሐፍ ነው ባይ ነኝ።

በዚህ መለኪያ «የሀብት ደሴት»ን እንየው። መጽሐፉ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለቀረው ሀብት ያወራል። ተራኪው ልጅ ጂም ሆኪንስ ታሪኩን የሚጽፈው ሀብቱን ፍለጋ አብረውት የሄዱት ባለርስቱ ትሬሎውኒና ዶክተር ሊቭዚ ጻፍልን ስላሉት ነው፤ ሁሉንም ከመነሻ እስከ መድረሻ ይናገራል፣ የደሴቱን መገኛ ብቻ ይደብቃል። የሚደብቅበትም ምክንያት እዚያ ገና ያልወጣ ሀብት ስላለ ነው። በመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ይኸው ጂም የብሩ ጥፍጥፍና የጦር መሣሪያው የድሮው የወንበዴ አለቃ ካፒቴን ፍሊንት የቀበረው ቦታ እንዳለ ይነግረንና፣ እኔን ግን በበሬና በገመድ ቢጎትቱኝ ወደዚያ የተረገመ ደሴት አልመለስም ይላል። በጣም የሚያስፈራው ሕልሙ ውስጥ የደሴቱ ማዕበል ሲመታ ይሰማዋል፤ ወይም የሲልቨር በቀቀን የስፔን ብሮችን ስም እየጠራች ስትጮህ ደንግጦ ከአልጋው ይነሳል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የተከፈተው በር በመጨረሻው ተዘጋ ማለት ነው። ብር የተቀበረበትን ቦታ የሚያውቅ፣ መርከብ የሚከራይለትም ሰው የማያጣ ወጣት ብሩን አልፈልግም ካለ፣ ያ ጉዞ ምን እንዳደረገው ከዚህ በላይ ምን ይናገራል? የቀረው ብር የጂም ፍርድ ነው። ተከታይ ክፍል ጂምን አሳፍሮ ወደ ደሴቱ ቢመልሰው ያ የመጨረሻ አንቀጽ ውሸት ይሆናል።

ደግሞ ብሩ እንዴት እንደተረፈ ማወቅ ጥሩ ነው። በ1881 (ዘመኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስቲቨንሰን ስኮትላንድ ውስጥ ብሬማር በምትባል መንደር ከቤተሰቡ ጋር ነበር፤ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሏቸዋል። የሚስቱ ልጅ ሎይድ ኦዝቦርን የ13 ዓመት ልጅ ነው፤ ቀለምና ወረቀት ይዘው ሲጫወቱ የአንድ ደሴት ካርታ ተሣለ። ታሪኩ የመጣው ካርታውን ከማየት ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ እየጻፈ ማታ ማታ ለቤተሰቡ ያነበው ነበር፤ 15 ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ነጠፈበትና የቀረውን ስዊዘርላንድ ውስጥ ዳቮስ ላይ ጨረሰው። በመጽሐፉ ውስጥ ካርታው ላይ ሦስት ቀይ የመስቀል ምልክቶች አሉ፤ ሁለቱ በሰሜን፣ አንዱ በደቡብ ምዕራብ። «የሀብቱ አብዛኛው እዚህ ነው» የሚለው ጽሑፍ ያለው በዚህኛው አጠገብ ነው። ታሪኩ የሄደው ወደዚሁ ወደ አንዱ ምልክት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ካርታው ታሪኩን ስለቀደመ ታሪኩ ከሚፈልገው በላይ ይዞ ተወለደ፤ ብሩ ሲፈጠር ጀምሮ ትራፊ ነበር።

በዚሁ ካርታ ላይ የደረሰ አንድ ነገር አለ፣ ስለ ተከታይ ክፍል ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ። መጽሐፉ በ1883 ሊታተም ሲል የመጀመሪያው ካርታ ወደ አሳታሚው ተልኮ ጠፋ። ስቲቨንሰን ሌላ መሥራት ነበረበት። አሁን ግን ሥራው ተገልብጧል። በመጀመሪያ ካርታው ታሪኩን ወልዶ ነበር፤ አሁን መጽሐፉን ገጽ በገጽ እየፈተሸ፣ የተጠቀሰውን ርቀትና አቅጣጫ ሁሉ እየለቀመ፣ ከዚያ ጋር የሚስማማ ካርታ ማበጀት ሆነ። በአባቱ ቢሮ ተሠራ፤ መርከቦችና ዓሣ ነባሪዎችም ተጨመሩበት፤ አምሮ ወጣ። ደራሲው ግን ያ ካርታ ለእሱ መቼም «የሀብት ደሴት» እንዳልሆነለት በኋላ ጽፏል። አንባቢ ስለጠየቀ ብቻ የሚጻፍ ክፍል ሁለት ለእኔ ይህ ሁለተኛው ካርታ ነው። ልኩ ትክክል ነው፣ ስሞቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፣ ነገር ግን ምንም አይወልድም።

ሲልቨርስ? የሰውዬው ስም በቋንቋው ብር ማለት ነው፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ደሴቱ ላይ የቀረው ብርና ከመርከቡ ያመለጠው ብር አብረው ይሰማሉ። ሲልቨር በአንድ የስፔን አሜሪካ ወደብ ላይ 300 ወይም 400 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ) የሚያወጣ የወርቅ ከረጢት ይዞ ሌሊት ይሰወራል። ጂም ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ሰምቶ አያውቅም። ምናልባት ሚስቱን አግኝቶ ከበቀቀኑ ጋር ተመችቶት ይኖር ይሆናል ይላል፤ እንዲመቸውም ይመኝለታል፣ በወዲያኛው ዓለም የመመቸት ዕድሉ ትንሽ ነውና። ሲልቨርን የሚያስፈራና የሚወደድ ያደረገው ነገ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም አለመታወቁ ነው። አድራሻ ከተሰጠው ያንሳል። ስዊድናዊው ቢዮርን ላርሶን በ1995 ሲልቨርን ማዳጋስካር ላይ አስቀምጦ የራሱን የሕይወት ታሪክ ሲያስጽፈው ይህን አደጋ የተሻገረው፣ ደሴቱንና ብሩን ትቶ ሰውዬውን ራሱን እንዲናገር በማድረጉ ነው።

እስካሁን ያልኩት ስቲቨንሰን ተከታይ የማይወድ ደራሲ ነበር እንዳያሰኝ፣ የራሱን ሌላ መጽሐፍ ላንሳ። «ኪድናፕድ» የወጣው በ1886 ነው። ወላጅ አልባው ዴቪድ ባልፎር በገዛ አጎቱ ተንኮል መርከብ ላይ ተጭኖ ወደ አሜሪካ ሊሸጥ ሲል ከመንግሥት ከሚሸሸው ዓመፀኛ ከአላን ብሬክ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ የስኮትላንድን ተራራ ለተራራ ይሸሻሉ። የሚሸሹበት ምክንያት እውነተኛ ታሪክ ነው፤ በግንቦት 1752 አፒን በተባለ ቦታ ኮሊን ካምቤል የተባለ የመንግሥት ወኪል በጥይት ተገደለ። ስቲቨንሰን ዘመኑን አንድ ዓመት ወደኋላ ስቦ ዴቪድን የግድያው የዓይን ምስክር አደረገው። ለዚያ ግድያ የታሰረው ጄምስ ስቱዋርት ነው፤ ዴቪድ ደግሞ ገዳዩ እሱ እንዳልሆነ ያውቃል።

መጽሐፉ ሲያልቅ ዴቪድ ርስቱን አስመልሷል። ጄምስ ግን እስር ቤት ነው፤ አላንም ገና ከአገር አልወጣም። ዴቪድ ኤድንብራ ውስጥ ገንዘቡን ሊቀበል ወደ ባንኩ በር ሲቀርብ፣ ሀብታም በሆነባት በዚያች ቀን፣ አንዳች የሠራው በደል ያለ ይመስል ቀዝቃዛ ነገር ሆዱን ይበላዋል። ደራሲው እዚያው በሩ ላይ ያስቆመውና፣ አላን እንዴት እንዳመለጠና ስለ ግድያው ምን እንደተደረገ አንባቢ ከወደደ አንድ ቀን ይነገር ይሆናል ብሎ ይሰናበተናል። ዕዳ ማለት ይህ ነው። ብር ከመሬት በታች መቶ ዓመት ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም፤ ገመድ የሚጠብቀው ሰው ግን ቀን ተቆጥሮለታል፣ ሊመሰክርለት የሚችለው ልጅም ባንክ በር ላይ ቆሟል።

ስቲቨንሰን ዕዳውን ለመክፈል ሰባት ዓመት ፈጀበት። «ካትሪዮና» በ1893 ሲወጣ ደራሲው በፓስፊክ ውቅያኖስ በሳሞአ ደሴቶች ይኖር ነበር። የመጽሐፉን አጀማመር ስወደው! ነሐሴ 25 ቀን 1751፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ዴቪድ ከባንኩ ይወጣል፤ የገንዘቡን ከረጢት የያዘ ተሸካሚ ይከተለዋል። ለደራሲው ሰባት ዓመት ያለፈው ለልጁ ወደ ባንክ ገብቶ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ብቻ ሆነ። ከዚያ ዴቪድ ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቤት በእግሩ ሄዶ ልመስክር ይላል። ምስክርነቱን የሚፈልግ የለም። ባስ ሮክ በምትባል የባሕር ቋጥኝ ላይ ወፎች መካከል አግተው ያቆዩታል፤ ተለቆ ወደ ችሎቱ ሲገሰግስ ፍርዱ አልቋል። በእውነተኛው ችሎት ከዳኞቹ በላይ የተቀመጠው የካምቤል ጎሳ አለቃ የአርጋይል መስፍን ነበር፤ በሟቹ ስም ከሚጠሩት ካምቤሎች 11ዱ ከ15ቱ የሸንጎ አባላት መካከል ተቀምጠዋል። ጄምስ ስቱዋርት በኅዳር 8 ቀን 1752 ተሰቀለ።

ስቲቨንሰን ይህን መለወጥ አይችልም ነበር፤ አልለወጠውምም። ዕዳውን የከፈለው ልጁ ሊያድን ሞክሮ አለመቻሉን በማሳየት ነው። በተራራ ላይ የተጀመረው ጀብዱ ወደ ቢሮ፣ ወደ ደብዳቤ፣ ትሑት ሆነው ወደሚዋሹ ትልልቅ ሰዎች ተሻገረ። ብዙ ወጣት አንባቢ እዚህ ላይ ይሰለቻል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛውን ግማሽ፣ ሆላንድ ውስጥ የሚሆነውን የፍቅር ታሪክ፣ ያነበብኩት አንዴ ነው። የጄምስ ዕዳ በሕይወት እስካለ መጽሐፉ ይተነፍሳል፤ እሱ ከተዘጋ በኋላ የቀረው ትራፊ ነው።

ለገንዘብ የተጻፈ ተከታይ ሁሉ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። አሌክሳንደር ዱማ «ሦስቱ ሙስኬተሮች»ን በ1844 በጋዜጣ በተከታታይ አውጥቶ በማግስቱ ዓመት «ከሃያ ዓመት በኋላ»ን ጀመረ። ጋዜጣው አንባቢ ይፈልጋል፣ ዱማም ገንዘብ ይፈልጋል። ነገር ግን በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ጀግኖቻችን ምን እንዳደረጉ እናስታውስ፤ ሚላዲ የተባለችውን ሴት በሌሊት ወንዝ ዳር ራሳቸው ከስሰው፣ ራሳቸው ፈርደው በገዳይ ሰይፍ አስቀሏት። ወንጀለኛ ናት፤ ቢሆንም ችሎት አልነበረም። ልጅ እንዳላት ቀደም ብሎ በአንድ ቦታ ተነግሮናል። ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያ ልጅ አድጎ የእናቱን ደም ፍለጋ ይመጣል፤ በወጣትነታቸው ያደረጉት ነገር ጉልበታቸው ሲደክም በራቸውን ያንኳኳል። ደም ይጮኻል የሚለው የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

ዳንኤል ዲፎ በተቃራኒው ነው። «ሮቢንሰን ክሩሶ» በሚያዝያ 1719 ወጥቶ ሲሸጥ፣ ተከታዩ በዚያው ዓመት በነሐሴ ደረሰ። ደሴቱ ላይ የቀሩትን ሰዎች ጉዳይ ከጨረሰ በኋላ የሚሄድበት ስለሌለው የክሩሶን አገልጋይ ፍራይዴይን በቀስት አስገድሎ ክሩሶን በቻይናና በሳይቤሪያ ያዞረዋል። ሰርቫንቴስ ደግሞ ሌላ ሰው በ1614 የውሸት «ዶን ኪኾቴ» ክፍል ሁለት ስላወጣበት የራሱን በ1615 አወጣ፤ ሐሰተኛው ጀግናውን ወደ ሳራጎሳ ስለላከው እሱ መንገዱን ወደ ባርሴሎና አስቀየረው፤ ሦስተኛ ሌባ እንዳይመጣም ጀግናውን አልጋው ላይ አስሞተው።

ስቲቨንሰን ግን የሞተው በ1894 ነው፤ መብቱ ካለቀ ቆይቷል፣ የፈለገ ሰው ተከታይ ሊጽፍለት ይችላል። (በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ የሰውን ድርሰት ሳያስፈቅዱ መቀጠል የሚያምራቸው ወጣት ጸሐፊዎች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።) የታወቀው ሙከራ በ2012 የወጣው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የአንድሩ ሞሽን «ሲልቨር» ነው። የጂም ልጅና የሲልቨር ልጅ የአባቶቻቸውን ካርታ ይዘው ያንን የቀረ ብር ፍለጋ ይሄዳሉ። ሞሽን ቋንቋው ያማረ ነው። ከብሩ ይልቅ ያነቃኝ ግን ደሴቱ ላይ የሚጠብቃቸው ነገር ነው፤ ሦስቱ ሰዎች እዚያው አሉ።

በእርሳስ ወደ ጻፈው ልጅ ልመለስ። ሙሉው መጽሐፍ ውስጥ መርከቧ ሂስፓኒዮላ ደሴቱን ለቅቃ ስትወጣ፣ ከሲልቨር ጋር መርከቡ ላይ ካመፁት ወንበዴዎች የቀሩት ሦስቱ በአንድ የአሸዋ ምላስ ላይ ተንበርክከው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይለምናሉ። ጂም ሁላችንም ልባችን ተነካ ይላል። ቢወስዷቸው መርከቡ ላይ ሌላ ዓመፅ ይፈራሉ፤ አገር ቢያደርሷቸው የሚጠብቃቸው ስቅላት ነው። ስለዚህ ባሩድ፣ ጥይት፣ የፍየል ሥጋ፣ መድኃኒትና ትምባሆ ትተውላቸው ዶክተሩ ከመርከቡ ላይ ሆኖ የት እንዳስቀመጡት ይጮኽላቸዋል። መርከቧ አለመቆሟን ሲያዩ አንዱ ዘሎ ተነስቶ ይተኩሳል፤ ጥይቱ በሲልቨር ራስ ላይ አልፎ ሸራውን ይበሳል።

ይህን ያደረጉት ቤን ገንን ያገኙ ሰዎች ናቸው። ቤን ገን እዚያው ደሴት ላይ ሦስት ዓመት ብቻውን ተጥሎ የኖረ፣ ሌሊት ሌሊት በሕልሙ የተጠበሰ አይብ የሚያይ ሰው ነው። ጓደኞቹ ጥለውት በመሄዳቸው አዝነን ነበር። ሀብቱን ወደ ዋሻው ወስዶ ያቆየላቸውም፣ ያዳናቸውም እሱ ነው። አሁን የእሱን ዕጣ ለሦስት ሰዎች ሰጥተው፣ እሱን ራሱን አሳፍረው ይሄዳሉ። ሞሽን እነዚያን ሦስቱን ከብዙ ዓመት በኋላ መርከብ የተሰበረባቸውን ባሮች የሚያሰቃዩ ጨካኝ ገዢዎች አድርጎ ነው የሚያቆያቸው። እዚህ ላይ አልተስማማሁትም። ሰዎቹ አውሬ ከሆኑ ጥሏቸው የሄደው ጂም ነፃ ወጣ፤ ዕዳው ሳይከፈል ተሰረዘ።

ለ«የሀብት ደሴት» ተከታይ ያስፈልገዋል የሚል ካለ፣ ብሩንም ባለ አንድ እግሩን ሰውዬም ትቶ ከዚያች የአሸዋ ምላስ ይጀምር፤ ጉልበታቸው አሸዋ ላይ እንዳለ፣ ሸራዋ የተበሳች መርከብ እየራቀች፣ የሰጧቸው ትምባሆ ስንት ቀን እንደሚበቃ ገና ሳይቆጥሩ።